የወተት ነጋዴዋ ድንቅቱና የሆዷ ቁጥር

ሱሉልታ ውስጥ ላም ያለው ሰው ሁሉ ድንቅቱ ዲሪርሳን ያውቃታል። በጫንጮ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ገበሬዎች ወተት ትረከብና በጄሪካን ሞልታ፣ በሚኒባስ አስጭና ቡራዩ ወስዳ ታስረክባለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስታወራም ትራመዳለች፣ ስትበላም ትራመዳለች። ባሏ ኦቦ ደገፋ ለጎረቤት ሲያማት፣ እኔ ያገባሁት ሚስት ሳይሆን ንፋስ ነው ይላል፤ ሲያማት ግን ፊቱ ይፈካል።

ወተቱን የምትፈትሸው በአፏ ነበር። ገና አረፋው ያልጠፋውን፣ ከላሟ ጡት የወረደውን ትኩስ ወተት በክዳን ቀድታ ጉንጯን ሞልታ ትቀምሳለች። ውሃ የገባበት ከሆነ ዞር ብላ ገበሬውን ታየዋለች፤ ገበሬውም ቀና ብሎ አያያትም። የተፈላ ወተት ለበሽተኛ ነው ብላ ነው ያደገችው።

ቡራዩ ላይ ወተቱን የምትረከባት ራቢአ ናት። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው እዚያው በንግድ የኖሩ ናቸው፤ እሷም ገበያው አጠገብ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ሁለቱ የተዋወቁት በጠብ ነው። አንድ ቀን ድንቅቱ ያመጣችው ወተት መንገድ ላይ ረጋ። ራቢአ አልቀበልም አለች፤ ድንቅቱ ደግሞ ጄሪካኖቹን በሱቁ ደጃፍ ደርድራ ከዚህ አልነሳም አለች። ሲነታረኩ ውለው መጨረሻ ላይ አብረው አይብ አወጡት፤ ገበያተኛውም ተሻምቶ ገዛቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የአንዷ ቤት የሌላዋ ቤት ነው።

የድንቅቱ ሆድ መነፋት የጀመረው ወደ ገና ግድም ነው። መጀመሪያ የቀሚሷ መቀነት አጠራት፤ ቀጥሎ ቀሚሷ ራሱ ጠበበ። ክንዷና ፊቷ እየከሳ ሆዷ ብቻ ወደፊት ይሄዳል። ወተት የሚያመጡት ሴቶች ተጠቃቅሰው «አዴ ድንቅቱ፣ ማርያም ትማርሽ!» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ለብቻዋ ስትሆን ግን ሆዷን በሁለት እጇ ትይዘዋለች። ከልጇ ከጂቱ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ልጅ ለምና ያልተሰጣት ሴት ናት። የወር አበባዋ ቀርቷል። ምናልባት እግዜር ዘግይቶም ቢሆን ሰምቶኝ ይሆን እያለች ልቧ ይዘላል። ለደገፋ በሹክሹክታ ስትነግረው ወጥቶ ሄደና ማር በጣሳ ይዞላት ተመለሰ።

ክሊኒክ ስትሄድ ግን እርግዝና አልነበረም። በአልትራሳውንድ ያያት ወጣት ሐኪም ሆዷ ውስጥ ውሃ መቋጠሩን፣ በማህፀኗ ግራና ቀኝ ያለው ቦታም መወፈሩን ነገራትና ደም ሰጥታ አንድ ምርመራ እንድታስመጣ አዘዛት። የምርመራው ስም ሲኤ አንድ መቶ ሃያ አምስት ይባላል። ውጤቱ ከሠላሳ አምስት በታች መሆን ሲገባው የሷ ከስድስት መቶ በላይ ሆኖ መጣ። ሐኪሙ ልጅ እግር ቢሆንም አልደበቃትም። እንዲህ ያለ ሆድና እንዲህ ያለ ቁጥር አንድ ላይ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነው፤ ሳትዘገዪ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ አላት።

ድንቅቱ ከክሊኒኩ ስትወጣ አላለቀሰችም። ይልቅ ፍጥነቷ እጥፍ ሆነ። ጂቱ ከጫንጮው ሞቲ ጋር ታጭታ ሠርጓ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጦ ነበር። ድንቅቱ ያን ዕለት ማታ ሽማግሌዎቹን ቤቷ ጠርታ ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን አለች። ለምን ቢሏት ደስ ስላለኝ አለች። ጥቁሯን የምትወዳትን ጊደር ለጂቱ ሰጠች። የሐር ነጠላዋን ለእህቷ፣ የብር መስቀሏን ለክርስትና ልጇ ሰጠች። ደገፋ እውነቱን የሰማው ከጂቱ ጋር እኩል ነው፤ ሲሰማ ጎተራው አጠገብ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ብዙ ቆየ።

ራቢአ ስትሰማ ሱቋን ዘጋች። በሥራ ቀን፣ ገበያተኛ ቆሞ እያለ ዘጋች። ለቅሶ ልትቀመጥ ግን አልነበረም። የባሏ እህት በታመመች ጊዜ ያከመቻት ዶክተር አረጋሽ የምትባል የሴቶች ካንሰር ሐኪም አዲስ አበባ እንዳለች ታውቃለች። ድንቅቱ ከሠርጉ በፊት ሆስፒታል አልረግጥም፣ መርፌና አልጋ ጀምሬ ልጄን በሌላ ሰው እጅ አልድርም ብላ ስትከራከራት፣ ራቢአ ነጠላዋን አልብሳ፣ ክንዷን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት።

ዶክተር አረጋሽ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ወረቀቱን አየችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። ቀጥላ ጥያቄ ጀመረች። ያተኩስዎታል ወይ? አዎ፣ ወደ ማምሻው። ሌሊት ያልብዎታል ወይ? አንሶላ እስኪርስ። ሳል? የለም። ሥራዎ ምንድን ነው? ወተት። ወተቱን ይጠጡታል? ድንቅቱ በኩራት ስለ አቀማመሷ ተረከችላት። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ሳይፈላ?» አለቻት።

«ሳይፈላ ነው እንጂ፤ አለዚያማ ምን ጣዕም አለው?»

 ድንቅቱ የሴትየዋ ዓይን እንደተለወጠ አየች፤ ወተት ውስጥ ውሃ ስታገኝ የራሷ ዓይን እንደሚለወጠው። ስለዚህ ከመጣች ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ጥያቄ አወጣችው።

«ይሄ ቁጥር የካንሰሩ ቁጥር ነው?»

«አይደለም» አለች ዶክተሯ፣ ቃሏን ረገጥ አድርጋ። «የእርስዎ የራስዎ ነው። እንግዲህ ይስሙኝ። ሆድዎ ውስጥ አንጀቱም፣ ጉበቱም፣ ማህፀኑም ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። ሲራመዱ፣ ሲስቁ፣ ጄሪካን ሲያነሱ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ እንጂ አይጣበቁም። ለምን ይመስልዎታል?»

«ቅባት ይኖራቸዋል።»

«ልጋግ ነው ያላቸው።»

ከዚያ በኋላ ዶክተሯ የነገረቻትን ድንቅቱ እስከ ዛሬ ድረስ ቃል በቃል ለሰው ትናገራለች። የሆዳችንን ውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋሳቱ ላያቸው ላይ እንደ ሣር የበቀለ ረጅም ክር አላቸው። ክሩ ፕሮቲን ነው፤ ዙሪያውን ስኳር ተሰክቶበታል፣ ስኳሩ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ያሙለጨልጫል። ሙሲን ይባላል። ዓይናችንም፣ አፋችንም፣ አንጀታችንም የየራሱ ሙሲን አለው።

«እንደተዘፈዘፈ ተልባ ማለት ነው» አለች ድንቅቱ።

ዶክተሯ ሳቀች። በትክክል እንደሱ ነው፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው አለች። ሽፋኑ ሲቆጣ ክሮቹ እየተቆረጡ ወደ ደም ይገባሉ። ላቦራቶሪ የቆጠረው እነዚያን ቁርጥራጮች ነው። አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ይሄን ክር ከመጠን በላይ ያበቅሉታል፤ የሰውነት ዘበኞች እንዳይነኳቸውም ከስሩ ይደበቃሉ። ስለዚህ ለካንሰር ሐኪም ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ሕክምናው እየሠራ መሆን አለመሆኑን ቁጥሩ ሲወርድና ሲወጣ እያየን እንከታተልበታለን። ሽፋኑን የሚያስቆጣው ግን ካንሰር ብቻ አይደለም። የጉበት በሽታም፣ ሌላ ቁስለትም፣ እርግዝናም ቢሆን ቁጥሩን ያስነሳዋል። ቲቢም ያስነሳዋል፤ የሆድ ቲቢ ሲሆን ደግሞ በጣም ያስነሳዋል።

«እና የኔን ክር የቆረጠው ማን ነው?»

«እሱን ቁጥሩ አይነግረንም። ገብተን ማየት አለብን።»

በሆዷ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው እንደሚያዩ፣ ከሽፋኑም ቁራሽ ናሙና እንደሚወስዱ አስረዳቻት። ካንሰር ሊሆን እንደሚችል አልሸሸገችም። ያን ሳላውቅ ግን ሆድዎን ሰፊ አድርጌ አልከፍትም፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒትም አላስጀምርም አለች።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ ድንቅቱ መንገድ ላይ ቆማ ራቢአን አቀፈቻት። ራቢአ ፈራች። ተስፋ ሰጥቶ መልሶ መንሳት ይከፋል ብላ፣ ገና ምንም አልታወቀምኮ አለቻት። ድንቅቱ ግን የምትሰማ አልነበረችም። ትናንት አንድ በር ብቻ ነበረ፤ ዛሬ ሁለት ሆነ። ታክሲ ውስጥ ለሾፌሩ ሳይቀር ስለ ሙሲን ስታስረዳው፣ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት ቡራዩ ደረሱ።

ሠርጉ በቅበላው እሑድ ሆነ፤ ካሜራው ለዚያው ሳምንት ተቀጠረ። ሱሉልታ ላይ እንደዚያ ያለ ሠርግ ታይቷል ወይ ብለው ዛሬም ይከራከራሉ። ድንቅቱ ቀሚሷን በጎን አስፍታ፣ ሆዷን በነጠላ ሸፍና ድንኳኑን ከዳር ዳር ተመላለሰችበት። የሞቲ ወገኖች ከጫንጮ ሲደርሱ «አካም ጅርቱ» እያለች አንድ በአንድ ሳመቻቸው፤ የራቢአ ቤተሰቦች ደግሞ የራሳቸው አራጅ አርዶ ለብቻ በተሠራላቸው ድስት እንዲስተናገዱ አድርጋ ነበር። ረገዳው ሲጀመር ደገፋ እባክሽ ተቀመጪ አላት። እሷ ግን ገባች። ትከሻዋ ከስቷል፣ ትንፋሿ ያጥራል፤ እግሯ ግን መሬቱን ሲረግጥ አቧራው ይነሳል። ጂቱ ከሙሽራ ወንበሯ ተነስታ መጥታ ፊት ለፊቷ ገጠመቻት። እናትና ልጅ እንደዚያ ሆነው ሲረግዱ ከበሮ መቺው ራሱ ዓይኑን ጠረገ። ድንቅቱ ግን የምትሰናበት አልመሰላትም፤ ደስ ብሏታል፣ ልክ እንደማንኛዋም የሙሽራ እናት።

ከካሜራው በኋላ ስትነቃ ዶክተር አረጋሽ አጠገቧ ቆማ ነበር። የሆዷ ሽፋን ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ነጫጭ ፍሬ ሞልቶ እንዳየች፣ እንዲህ ያለ ነገር ከቲቢም ከካንሰርም ሊመጣ ስለሚችል የናሙናውን ውጤት መጠበቅ እንዳለባቸው ነገረቻት። ያ ጥበቃ ለድንቅቱ ከሁሉም ከበዳት። ጾሙ ገብቶ ወተት የሚገዛ ጠፍቷል፤ ሥራ እንኳ የላትም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። መጨረሻ ላይ ደገፋ መላ ሲያጣ ራቢአ ዘንድ ላካት፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች፤ ቀኑን ሙሉ የራቢአን መደርደሪያ ስታወርድና መልሳ ስትደረድር ትውላለች።

ስልኩ የተደወለው ቅቤ እየመዘነች ሳለ ነው። እጇ ቅቤ ስለነበረ ራቢአ ከፍታ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችላት። የዶክተር አረጋሽ ድምፅ ነበር።

«ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ውጤቱ መጥቷል። ካንሰር የለም። ቲቢ ነው፤ ይድናል።»

ድንቅቱ እንዲደገምላት ጠየቀች። ዶክተሯ ደገመችላት። ለሦስተኛ ጊዜ እንድትደግምላት ስትጠይቃት ዶክተሯም እየሳቀች ደገመችላት። ያኔ ድንቅቱ ቅቤ የነካ እጇን ወደ ላይ አንስታ እልል አለች። ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ፣ ማዶ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ፣ ከባጃጅ የወረዱት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀብለው እልል አሉላት። ምን ተገኘ ብለው ሲጠይቋት «ቲቢ አለብኝ!» አለች ፊቷ በርቶ። እልልታው ቀጥ አለ፤ ሰዉም አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ራቢአ እንባዋ እየወረደ ሳቋን ማቆም አቃታት፤ መደርደሪያውን ይዛ ቁጭ አለች። ኋላ ራሷን ስትገታ፣ የሆድ ነው፣ በትንፋሽ አይተላለፍም እያለች ጎረቤቱን ስታረጋጋ ዋለች።

ለደገፋ መንገሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። ድንቅቱ ደወለችና ቲቢ ነው ስትለው ምንድን ነው እሱ አላት። ያ ዱሮ የሳንባ ነቀርሳ የሚሉት፣ እኔን የያዘኝ ግን ሆዴ ላይ ነው አለችው። ደገፋ ከሰማው ሁሉ ነቀርሳ የሚለውን ብቻ ነው የያዘው፤ ካንሰርንም ነቀርሳ ሲሉት ያውቃልና ስልኩን ዘግቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድንቅቱ ሱሉልታ ስትደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌዎች ኩታቸውን አዘቅዝቀው አገኘቻቸው። አንዱን ነቀርሳ ከሌላው ለይታ እስክታስረዳ ድረስ ምላሷ ደረቀ። በመጨረሻ ደገፋ ሲገባው ተነሳና፣ በሰው ፊት አድርጎት የማያውቀውን፣ ሚስቱን ጨብጦ ግንባሯን ሳማት።

መድኃኒቱን የወሰደችው እዚያው ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ነው። ቀላል አልነበረም። ማለዳ በባዶ ሆዷ የምትውጠው ክኒን ያቅለሸልሻታል፤ ሽንቷ ብርቱካን መሰለ። መጀመሪያ ያየችው ቀን ደንግጣ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች፤ ነርሷም የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን ነገረቻት። ከሁሉም የከበዳት አትሸከሚ መባሏ ነበር። ትኩሳቱ ግን ቶሎ ለቀቃት፣ ላቡ ቀረ፣ ሆዷ ቀስ በቀስ ጎደለ። ፋሲካ ሲደርስ መቀነቷን ማሰር ቻለች። ዶክተር አረጋሽ ቁጥሩን እንደገና አስመርምራው ከሁለት መቶ በታች ወርዶ ሲገኝ ራቢአ ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ እርጎ በነጻ ቀዳች። ክረምቱ መሃል ላይ ወደ ስልሳዎቹ ወረደ። ለመስከረም ሲመረመር ሃያን አልሞላም። ድንቅቱ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ በቃ ክሮቼ ቦታቸው ተመለሱ አለች።

ደገፋም ጂቱም ተመርምረው ነጻ ሆኑ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ የቤታቸውን ላሞች በመርፌ ፈተናቸው፤ አንዲት አሮጊት ላም የተወጋችበት ቦታ አንገቷ ላይ አብጦ ተገኘና ከመንጋው ወጣች። ድንቅቱን ያሳመማት የዚያች ላም ወተት ይሁን፣ የሌላ ገበሬ፣ ወይስ ከነጭራሹ ከሰው የመጣ እንደሆነ ዶክተር አረጋሽ በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል ነገረቻት። ወተቱን ግን አፍልተው ይጠጡ አለቻት። ለሰውም አፍልተው ይሽጡ። በሕመሟ ወቅት ያደለችውን ንብረት ማንም አልመለሰላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጂቱ ብቻ ጥቁሯ ጊደር ስትወልድ እናቷን ጠርታ ጥጃዋን አሳየቻት።

መስከረም አልቆ መንገዱ ሲደርቅ ድንቅቱና ራቢአ የሱቁን የጎን ግድግዳ አስፈርሰው ክፍል ጨመሩበት። ትልቅ ምድጃ አስገቡ፣ ሰፋፊ ብረት ድስቶች ገዙ፣ የሙቀት መለኪያ ሰቀሉ። ከዚህ ቤት ሳይፈላ የሚወጣ ወተት የለም ብለው በትልቁ ጻፉበት። የሱሉልታ ገበሬዎች ሳቁ፤ የፈላ ወተት ማን ይገዛሻል አሏት። ድንቅቱ ግን በየደጃፋቸው እየዞረች ሆዷን አሳየቻቸው። ካሜራው የገባበትን ትንሽ ጠባሳ አሳይታ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ተልባው ትነግራቸዋለች። አንዳንዱ አምኖ፣ አንዳንዱ ከወሬዋ ለመገላገል ላሞቹን አስመረመረ።

የተከፈተ ዕለት ማለዳ ከሱቁ ፊት ሰልፍ ነበር። አብዛኛው ሰው ወተት ፈልጎ ሳይሆን በቲቢ እልል ያለችውን ሴት ሊያይ ነው የመጣው፤ ከመጣ በኋላ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከሰልፉ መሃል አንዲት አሮጊት ጥሬውን ብትሰጪኝስ ብለው ጠየቁ። ድንቅቱ ቀዝቃዛ የፈላ ወተት በብርጭቆ ቀድታ «መጀመሪያ ይሄን ይቅመሱልኝ፣ እማማ» አለቻቸው። አሮጊቷ ቀመሱ፣ አሰቡ፣ ጨለጡት፤ ከዚያም ጄሪካናቸውን አቀበሏት። እኩለ ቀን ሳይሆን ድስቶቹ ባዶ ሆኑ። ድንቅቱ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ደገፋ ጋ ደወለችና ለነገ ወተቱን እጥፍ አድርገህ ሰብስብ አለችው። ደገፋም ከወዲያ ማዶ፣ ገበሬዎቹ ወተታቸውን ይዘው ደጅ ላይ ቆመው ዋጋ እየጠየቁ ስለሆነ ብዙ ማውራት እንደማይችል ነግሯት ዘጋው።